ይሄ መኪና ለምን ቆመ?

አጎቴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ለንደን ከገቡ ወዲህ ካሜራ አንስተው አያውቁም፤ የሰው ፎቶ አይተው ዝም ማለት ግን አይችሉም። በግንቦት አንድ እሁድ፣ ኬንት ውስጥ ብራንድስ ሃች በሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ፣ የጫማዬን ጭቃ ሳላራግፍ በቀጥታ የሄድኩት እሳቸው ቤት ነበር። 1,146 ፎቶ ይዣለሁ። ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት፤ ጋሼ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉ።

ጋሼ፦ ቆይ እስቲ፣ እዚህ ላይ አቁሚው። ይሄ መኪና ምን ሆኖ ነው የቆመው? ተበላሽቶ ነው?

እኔ፦ ኧረ ጋሼ! ምን ቆመ፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው እንጂ።

ጋሼ፦ አንቺ በረረ ትያለሽ፤ ፎቶው ቆመ ይላል። ጎማው ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነባለሁ። ባለቤቱ ዳቦ ሊገዛ የገባ መኪና ነው የሚመስለው።

እኔ፦ እኔ እኮ ጥርት ያለ ስለሆነ ነው ከሁሉም አስቀድሜ ያሳየሁዎት።

ጋሼ፦ መጥራቱንማ ጠርቷል፤ ማን ካደ? በስንት ነው ያነሳሽው?

እኔ፦ በሺኛ ሰከንድ። እንዳይደበዝዝብኝ ፈርቼ ጠዋት ሁሉንም እንደዚያ ነው ያነሳሁት። ባቡር ላይ ስመለስ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ150 የሚሄድ መኪና በሰከንድ 42 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሺኛ ሰከንድ ግን ፈቅ የሚለው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያች ቅጽበት የሚዞረው የአንድ ዙር ሃምሳኛውን ነው። ይሄን የማን ዓይን ይለየዋል?

ጋሼ፦ ታዲያ ለቆመ መኪና ኬንት ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚህ በራችን ላይ ስንት ተደርድሯል።

እኔ፦ ይሳቁብኝ ግድ የለም። ግን ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ፎርሙላ ዋን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር። ያ መኪና ጋራዥ ውስጥ ቆሞም የሚሮጥ ነው የሚመስለው፤ ቅርጹ ይበቃዋል። ይሄ ግን ቱሪንግ ካር ነው።

ጋሼ፦ ምንድን ነው እሱ? አገር ጎብኚ ነው?

እኔ፦ ስሙ ያሳስታል። ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ዓይነት መኪና ለውድድር ተሠርቶ ሲሮጥ ነው። እንግሊዞች ሻምፒዮናውን የጀመሩት በ1958 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርዎት። በመጀመሪያው ዓመት ጃክ ሲርስ እና ቶሚ ሶፕዊዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ሳንቲም ጥለን እንለያችሁ ሲባሉ ሳይወዱት ቀረ።

ጋሼ፦ ደግ አደረጉ። ዓመቱን ሙሉ ነድቶ በሳንቲም!

እኔ፦ ከዚያ እዚሁ ብራንድስ ሃች ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ራይሊ መኪኖች ቀረቡላቸው። አምስት ዙር ነዱ፣ መኪና ተለዋወጡ፣ ደግሞ አምስት ዙር ነዱ። ሲርስ በ1.6 ሰከንድ በለጠ።

ጋሼ፦ መለዋወጡ ነው ቁም ነገሩ። በሰበብ የሚያመልጥ የለም። ይሄኛውስ መኪና ምንድን ነው? አርማው ቶዮታ መሰለኝ።

እኔ፦ ኮሮላ ነው።

ጋሼ፦ ኮሮላ! የኛ ኮሮላ? የዲኤክስ ወንድም?

እኔ፦ የልጅ ልጁ ይበሉት። ወደዚህ ሻምፒዮና የገባው በ2019 ነው። ግን ኮሮላነቱ ከቆዳው አያልፍም። ከ2011 ጀምሮ በወጣው ደንብ ሞተሩ ባለ 2 ሊትር ተርቦ ነው፤ ማርሽ ሳጥኑንና ፍሬኑን፣ ሌላም ብዙ ዕቃ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ነው የሚጠቀመው። ውስጡ ባዶ ነው። አንዲት ወንበር አለች፤ ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ዙሪያውን የብረት ቱቦ እንደ ዶሮ ቆጥ ተዋቅሮበታል።

ጋሼ፦ እንዲህ ከሆነማ ሰይቸንቶ ታክሲዎቻችን ዕድሉ ሳይደርሳቸው ነው የቀሩት።

እኔ፦ አይሳቁ። የ1961 ሻምፒዮን ጆን ዊትሞር የነዳው ሚኒ ነው፤ ከሰይቸንቶ የማትበልጥ። በ1994 ደግሞ ቮልቮ ስቴሽን ዋገን አምጥቶ አወዳደረ፤ የቤተሰብ ሻንጣ የሚጫንበትን 850 መኪና። ሌሎቹ ሹፌሮች ሲያላግጡባቸው የቮልቮ ሰዎች ምን አደረጉ? ለተመልካች ሰላምታ በሚዞሩበት ዙር ላይ ትልቅ የአሻንጉሊት ውሻ ከኋላ አስቀምጠው ወጡ።

ጋሼ፦ የቮልቮ ሰዎች ወደድኳቸው። ፎቶ የሚያምረው እንደዚያ ያለ ነገር ሲኖርበት ነው። ያንቺ ኮሮላ ግን ውሻም የለው፣ ሩጫም የለው።

እኔ፦ እሱን እኮ ነው የምልዎት። ይሄ መኪና ከቆመ ኮሮላ ብቻ ነው፤ ሰው በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያየው። ሰው ቲኬት ገዝቶ የሚመጣው የሚያውቀው መኪና የማያውቀውን ነገር ሲያደርግ ለማየት ነው። ስለዚህ ፎቶው ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ነገር፣ ያንተ ኮሮላ ይህን አያደርግም የሚል።

ጋሼ፦ ማስረጃ አልሽ። ጥሩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያቀረብኩት የተቃራኒውን ማስረጃ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ «አገጭህን ቀና፣ እንዳትንቀሳቀስ፣ ዓይንህን እንዳትጨፍን» እያልኩ። ሕፃን ሲመጣ እናቱን ከጥቁር ጨርቅ ጀርባ ደብቄ እሷ ሕፃኑን ትይዘዋለች። አንዱ ቢነቃነቅብኝ ወረቀቱም ኬሚካሉም ኪሳራ ነው።

እኔ፦ የሚሮጥ ነገር አንስተው አያውቁም?

ጋሼ፦ አንድ ጊዜ ብቻ። ጃን ሜዳ የፈረስ ውድድር ነበር። አንድ ባለሀብት ደንበኛዬ ፈረሱን እንዳነሳለት ጠየቀኝ። ያሺካ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ፤ ባለ 12 ፊልም። እንደ ሰርግ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ፈረሱ ፊቴ ሲደርስ ተጫንኩ። ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳጥበው ከኋላ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፈረሱ ግን ጭስ ሆኗል። እግር የለው። ደንበኛዬ «ፈረሴን የት አደረስከው?» አለኝ።

እኔ፦ ምን አሉት?

ጋሼ፦ ገንዘቡን መለስኩለታ! ቆይቶ ነው የገባኝ። ቆሜ የሚሮጠውን ልይዝ ፈለግኩ። አብሬው መዞር ነበረብኝ። አንድ ፈረንሳዊ ልጅ የሠራውን ታውቂያለሽ? ላርቲግ ይባላል።

እኔ፦ ጎማው እንቁላል የሆነበት ፎቶ?

ጋሼ፦ እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጁ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። የመኪና ውድድር ሊያነሳ መንገድ ዳር ቆመ። የዚያን ጊዜ ካሜራ ሹተሩ ስንጥቅ ያለው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ሲወርድ ስንጥቋ መስታወቱን በየተራ ነው የምታበራው፣ ባንዴ አይደለም። የጎማውን ታች ቀድማ፣ አናቱን ዘግይታ ታነሳለች። በዚያች መሀል መኪናው ወደፊት ሄዷል። ስለዚህ ጎማው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ወደፊት ተጋደመ።

እኔ፦ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደኋላ የተንጋደዱት?

ጋሼ፦ ካሜራውን ከመኪናው ጋር አዙሯላ! ግን አልደረሰበትም፤ መኪናው በለጠው። የቆሙት ሰዎች ላይ ነው ዞሮ የሄደው፤ ስለዚህ እነሱ ባንዱ በኩል፣ መኪናው በሌላው በኩል ዘመሙ። ልጁ ተበላሸብኝ ብሎ ተወው። በ1963 ኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ሲያሳይለት ሰባ ዓመት ሊሞላው ነበር። አሁን ፍጥነት በፎቶ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እኔ ግን የፈረሱን ኔጌቲቭ ጣልኩት።

እኔ፦ ያሳዝናል።

ጋሼ፦ አያሳዝንም፤ የኔው በእውነትም የተበላሸ ነበር። በይ ከሰዓት ያነሳሽውን አሳዪኝ። የት ቆመሽ ነበር?

እኔ፦ ከጠዋቱ ልጀምርልዎት፤ አለዚያ ቦታው አይገባዎትም። ከቪክቶሪያ በባቡር ስዋንሊ ወረድኩ፣ ከዚያ በታክሲ። ብራንድስ ሃች ሸለቆ ነው፣ እንደ ሳህን የጎደጎደ። ድሮ የእርሻ ማሳ ነበር፤ በ1926 ከግሬቭሴንድ የመጡ ብስክሌተኞች ናቸው መጀመሪያ የተሽቀዳደሙበት። ስለ ጎደጎደ ዳገቱ ላይ የቆመ ሰው አጭሩን መንገድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ያየዋል። ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያንሳል፤ መኪኖቹ በ48 ሰከንድ ገደማ ይጨርሱትና ተመልሰው ፊትዎ ይመጣሉ።

ጋሼ፦ በየ48 ሰከንዱ! እኔን ፈረሱ አንዴ ሲያልፈኝ አለቀ።

እኔ፦ እሱ ነው ያበላሸኝ። ሲመለስ አነሳዋለሁ እያልኩ አንዱንም በቅጡ ሳላስብበት ተጫንኩ። መጀመሪያ የቆምኩት ፓዶክ ሂል የሚሉት መታጠፊያ ጋ ነው። ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ መሬቱ ከሥሩ ይከዳል። ሹፌሩ ወዴት እንደሚወርድ ሳያይ ነው መሪውን የሚያዞረው። ታች ሲደርስ መኪናው ይጨመቅና ወዲያው ዳገት ይጠብቀዋል፤ ድሩይድስ ወደሚባለው እንደ ፀጉር መርፌ የታጠፈ ቦታ።

ጋሼ፦ ዳገቱን በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ ብዙም አይመስልም።

እኔ፦ በቴሌቪዥን ዳገት ሁሉ ሜዳ ነው። እኔ በእግሬ ወጥቼዋለሁ፣ ትንፋሼ ነው የተቆረጠው። በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ አሌክስ ዛናርዲ በእጅ በሚዘወር ብስክሌት ወርቅ የወሰደው እዚሁ ነው። ሁለት እግሩን በ2001 በመኪና ውድድር አጥቷል፤ ከዚያ በኋላም ቢኤምደብልዩ በእጅ እንዲነዳው አስተካክሎለት በዓለም የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና ላይ ውድድሮችን አሸንፏል። ያን ሁሉ በክንዱ! ቦርሳዬ ከበደኝ ብዬ ላማርር ስል እሱ ትዝ አለኝና ተውኩት… ቆይ ግን፣ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ አሉ?

ጋሼ፦ አይቲቪ 4 ላይ ነበራ። ቀኑን ሙሉ ያሳያሉ። አንቺ እዚያ ነኝ ስላልሽኝ ከፈትኩት።

እኔ፦ እርስዎ? የመኪና ውድድር?

ጋሼ፦ ውድድሩን ማን አየ፤ አንቺን ነው የፈለግኩት። ካሜራው ሕዝቡን ባሳየ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። ቢጫ ጃኬት የለበሰች አየሁና እሷ ናት አልኩ፤ ጢም ነበረው። እንዲህ እንዲህ ስል ሦስቱንም ውድድር ጨረስኩት።

እኔ፦ እንግዲያው ፓዶክ ሂል ላይ ከመንገድ የወጣውን አይተውታል።

ጋሼ፦ ነጩን? ጠጠሩ ውስጥ የተቀበረውን? አየሁት እንጂ። አንቺ አላነሳሽውም?

እኔ፦ 41 ጊዜ አነሳሁት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ጠዋት እዚያ የቆምኩት አንዱ ይወጣ ይሆናል ብዬ ነው። አጠገቤ ያሉትም እንደዚያው ነበሩ፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይለውም እንጂ። ሲወጣ ጣቴ ማንሻው ላይ ቀረ፤ አልለቅም አለ። ይኸው ይዩት፣ 41 የአቧራ ፎቶ።

ጋሼ፦ ሹፌሩ ወጥቶ ለሕዝቡ እጁን ያወዛወዘበትስ የታለ?

እኔ፦ አወዛወዘ እንዴ?

ጋሼ፦ በሁለት እጁ! ሕዝቡም አጨበጨበለት። የት ሄደሽ ነበር?

እኔ፦ የካሜራውን መስኮት እያየሁ ነበር፤ አቧራው ወጥቶልኝ እንደሆነ።

ጋሼ፦ …

እኔ፦ ዝም አይበሉ፣ ይቆጡኝ።

ጋሼ፦ አልቆጣም። እኔም ስንት ሰርግ ላይ ቀለበቱን አንስቼ ሙሽራዋ ስታለቅስ ሳላይ ቀርቻለሁ። ይቺስ ምንድን ናት?

እኔ፦ ብርቱካንማ ቱታ የለበሱት ማርሻል ይባላሉ። መኪናውን ከጠጠር የሚጎትቱት፣ ባንዲራ የሚያውለበልቡት እነሱ ናቸው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። ይቺ ሴትዮ በሁለት ውድድር መሀል ሳንድዊቿን ስትበላ ነው ያነሳኋት። ይቺን ይወዷታል ብዬ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

ጋሼ፦ ለምን እወዳታለሁ አልሽ?

እኔ፦ ሰው ስለሆነች። እርስዎ የሰው ፎቶ አንሺ ነዎት።

ጋሼ፦ ጥሩ ፎቶ ናት። ግን ይቺን ሴትዮ ከሳንድዊቿ ጋር ሰኞ ዕለት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይም ታገኛታለሽ። ማስረጃ ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ማስረጃሽን አምጪ።

እኔ፦ እሺ። ከምሳ በኋላ ቦታ ቀየርኩ። ከድሩይድስ ቁልቁል ሲመጡ ወደ ግራ የሚታጠፉበት ግራሃም ሂል የሚባል ቦታ አለ። ተመልካቹ የሚቆምበት ተረተር በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ነው። ካሜራውን ወደ 125ኛ ሰከንድ አወረድኩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጎማው በ150 ቢሄድ የአንድ ዙር ስድስተኛውን ያህል ይዞራል፤ ቸርኬው ይቀልጣል። ችግሩ መኪናውም አብሮ እንዳይቀልጥ ነው።

ጋሼ፦ አብረሽው ዞርሽ?

እኔ፦ አጠገቤ የቆመ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው ያሳየኝ። ጠዋት ጀምሮ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል። «እግርሽን መኪናው ወደሚመጣበት ሳይሆን ማንሳት ወደምትፈልጊበት ትከዪ» አለኝ። እግር አይነቃነቅም፤ ከወገብ በላይ ጠመም ብለሽ መኪናውን ከሩቅ ትቀበይዋለሽ፤ ወገብሽ ወደ ቦታው ሲፈታ ትጫኛለሽ። ከተጫንሽ በኋላም አታቆሚም፣ ትሸኚዋለሽ። እኔ ስጫን ቀጥ እል ነበር፤ የሚያበላሸው እሱ ነው።

ጋሼ፦ እህል እንደሚበትን ሰው። ዘሩ ከእጁ ወጥቶም ክንዱ ይሄዳል።

እኔ፦ ልክ እንደዚያ። ከመቶው ሰባት ስምንቱ ቢወጣልኝ ነው። ይቺን ይዩ፦ ሣሩ ክር ሆኗል፣ ሰዉ ቀለም ሆኗል፣ መኪናው ግን ቁጥሩ ይነበባል።

ጋሼ፦ አጥሩስ? ሽቦ አልነበረም?

እኔ፦ ነበረ እንጂ፤ ፊቴ ላይ ነው። ሰደርያ የለበሱት ባለፈቃድ ፎቶ አንሺዎች ከአጥሩ ወዲያ ናቸው፣ እኛ ተመልካቾቹ ከወዲህ። ግን ሌንሱን ሽቦው ላይ ልጥፍ አድርገው ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ከከፈቱትና ሩቁን ከያዙ፣ ሽቦው በጣም ቅርብ ስለሆነ ይሟሟል። ፎቶው ትንሽ ጭጋግ ያዘ ቢመስል እንጂ አይታይም።

ጋሼ፦ ሽቦውን አሟሟሽው! ይሄን ተማርኩ። እነዚህስ ምን ሆነው ነው እንዲህ የተጣበቁት? አምስት መኪና በአንድ በር ሊገባ።

እኔ፦ እንዲጣበቁ ነው የተሠሩት። አንደኛ፣ ዕቃቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለተኛ፣ ያሸነፈ ይቀጣል። እስከ 2021 ድረስ ያሸነፈ መኪና በሚቀጥለው ውድድር ክብደት ይጫንበት ነበር፤ እስከ 75 ኪሎ የደረሰበት ጊዜ አለ።

ጋሼ፦ አንድ ሰው አሳፍረው ይላኩት ነው የምትዪው!

እኔ፦ ከ2022 እስከ 2024 ደግሞ መኪኖቹ ሃይብሪድ ነበሩ፤ ክብደቱ ቀረና በምትኩ መሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ጉልበት የሚጠቀሙበት ጊዜ ይቀነስባቸው ነበር። ሦስተኛ፣ በቀኑ የመጨረሻ ውድድር የፊተኞቹ አሰላለፍ በዕጣ ይገለበጣል። ያሸነፈው ወደ መሀል ይወርዳል፣ መሀል የነበረው ፊት ይሆናል።

ጋሼ፦ ጠንካራ አህያ ጭነት አያጣትም ማለት ነው። ኋለኞች ፊተኞች ሲሆኑ ደግሞ መገፋፋቱ አይቀርም።

እኔ፦ በር ለበር ነው የሚታከኩት። ፎርሙላ ዋን እንዲህ ቢነካካ ጎማው ይነቀላል። እነዚህ መስታወታቸው ታጥፎ፣ በራቸው ተሰርጉዶ ይቀጥላሉ። ማታ ሲሰለፉ ቅዳሜ ገበያ ውሎ የመጣ ሚኒባስ ነው የሚመስሉት።

ጋሼ፦ እሱንም ማንሳት ነበረብሽ፤ ጠዋትና ማታ፣ አንዱን መኪና። በይ ቀጥዪ… ቀጥዪ… አይ… ይሄ ጥሩ ነው ግን ጭራው ተቆርጧል… ቁሚ!

እኔ፦ ይሄ? ይሄን ልሰርዘው ነበር። አፍንጫው ትንሽ ደብዝዟል።

ጋሼ፦ አፍንጫውን ተዪው። ያ ጠዋት የቆመው ኮሮላ አይደለም እንዴ?

እኔ፦ ራሱ ነው።

ጋሼ፦ የኋላ እግሩን እዪው። የግራውን።

እኔ፦ …መሬት አልነካም!

ጋሼ፦ ውሻ ግንብ ሥር ሲቆም እንደሚያነሳው አንስቶታል። በሦስት ጎማ ነው የሚሄደው። ይሄ እንዴት ይሆናል? ሊገለበጥ ነው?

እኔ፦ አይገለበጥም። የሚጎትተው የፊት ጎማ ነው፤ እንደነዚህ ያሉ መኪኖች ኋላቸው ቶሎ እንዲዞር ጠንከር ተደርጎ ይሠራል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ ወደ ቀኝና ወደ ፊት ይሄድና የግራው ኋላ የሚሸከመው ነገር ያጣል፤ ስለዚህ ይነሳል። በ1964 ጂም ክላርክ በሎተስ ኮርቲና ሻምፒዮን ሲሆንም መኪናው በሦስት ጎማ በመሄድ ነው የታወቀው፤ ያ ግን ከኋላ የሚገፋ ስለነበር የሚያነሳው የፊቱን ነው። በዓይኔ እያየሁ ግን አላስተዋልኩትም።

ጋሼ፦ እንዴት ታስተውዪ፤ ጣትሽ ነው ያየው። እነዚያን ሁለት ፖስታዎች ስጪኝ።

(ሁለቱን ፖስታ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን አድርገው ስክሪኑ ላይ ለጠፏቸው። ግማሹ ሰማይ ጠፋ፤ ከቀኝ የአንድ ሌላ መኪና አፍንጫ ጠፋ። የቀረው ኮሮላው፣ ክር የሆነው ሣርና በተነሳው ጎማ ሥር ያለችው ጥቁር ክፍተት ብቻ ነበር። እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ።)

ጋሼ፦ እዚህ ጋ ቁረጪው። ከታች አትንኪ፤ ያቺ ጥላ ከሌለች ጎማው መነሳቱ አይታወቅም። ይሄ ነው ማስረጃሽ። የማንም ኮሮላ ገበያ ሲሄድ ይሄን አያደርግም።

እኔ፦ አፍንጫው ግን ደብዝዟል እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦ ይደብዝዛ! ሁሉም ነገር ከጠራ የትኛውን ልይ? በወረቀት አሳትሚልኝ። በስልክ አትላኪልኝ፣ በወረቀት። ቀጣዩ መቼ ነው?

እኔ፦ እዚያው ብራንድስ ሃች በጥቅምት ይመለሳሉ፤ የዓመቱ መዝጊያ በረጅሙ መንገድ ነው፣ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው። ጫካ ውስጥ ይገባል። ያኔ በየ48 ሰከንዱ አይመጡም፤ ዙሩ ስለሚረዝም ትንሽ ይጠበቃል።

ጋሼ፦ መጠበቅ እችላለሁ። መቀመጫ አለ?

እኔ፦ የሚታጠፍ ወንበር እይዝልዎታለሁ። ይመጣሉ?

ጋሼ፦ ያሺካዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት። ፊልም ይገኝ ይሆን?

እኔ፦ ባለ 12ቱ? ይገኛል፤ ውድ ሆኗል እንጂ። ግን 12 ብቻ ይዘው ሦስት ውድድር?

ጋሼ፦ ለአንዱ ውድድር አራት አራት ይደርሰዋል። አንቺ 1,146 አንስተሽ ስንት ነው ያገኘሽው?

እኔ፦ …እሺ። ለመሆኑ ጋሼ፣ ሦስተኛውን ማን አሸነፈ?

ጋሼ፦ አታውቂም?

እኔ፦ መጨረሻው ላይ ባትሪ እየቀየርኩ ነበር።

ጋሼ፦ (ላፕቶፑን ወደ እኔ እየገፉ) ከነዚህ ውስጥ አንዱ ላይ አይጠፋም። ፈልጊው።